ፈረሱም ይኸው፣ ባጃጁም ይኸው

ጥር 23 ቀን እንጅባራ የዋለ ሰው ፈረስ ምን ያህል ሊከበር እንደሚችል ያያል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን የሚያከብረው ያን ዕለት ነው። ጋማው የተበጠረ፣ ኮርቻውና ልጓሙ በጌጥ ያሸበረቀ ፈረስ ከየወረዳው ይጎርፋል፤ ጉግሱ ይደምቃል፤ ሴቱ ያልልል፣ ወንዱ ይፎክራል። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ጠላት ገና ከአገር ሳይወጣ ማለት ነው። የሚዘክረውም በዓድዋ፣ በኋላም በአምስቱ የወረራ ዓመታት ከጌታው ጋር የዘመተውን ፈረስ ነው። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚለውን ተረት አዊ ምድር ላይ ብትተርቱ፣ «ኧረ የእኛስ ተዋግቷል!» የሚል ሽማግሌ አታጡም።

እዚያው አድሮ በማግስቱ ከተማውን የዞረ ሰው ደግሞ ሌላ ፈረስ ያያል። ጀርባው የተላጠ፣ አንገቱን የደፋ፣ ጆንያና አሸዋ፣ ገበያተኛና ሕመምተኛ እየጫነ ከገበያ መናኸሪያ የሚመላለስ የጋሪ ፈረስ። ዳንግላም ብትሄዱ ያው ነው። የትናንቱ ፈረስ ማኅበር አለው፣ ቀን አለው፣ ታሪክ አለው። ይኼኛው ያለው ተራ ብቻ ነው። «ተራህ ደርሷል፣ ጫን!» ሲባል ይጭናል።

ለምን እንዲህ ተጎሳቆለ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ብዙ ሰው ጣቱን የሚቀስረው ጋሪ ነጂው ላይ ነው። ጨካኝ ነው፣ ባለጌ ነው፣ አለንጋ ይወዳል ይባላል። እኔ ግን ነገሩ ያለው ሒሳቡ ላይ ይመስለኛል። ነጂው ብዙ ጊዜ ባለቤት አይደለም። ፈረሱንና ጋሪውን ከባለ ንብረቱ በቀን ይወስዳል፤ ማታ የተቆረጠውን «ገቢ» ያስረክባል፤ የተረፈው የሱ ነው። እንግዲህ አስቡት፦ ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ የሚሠራው ለባለ ንብረቱ ነው። ለራሱ እንጀራ መሥራት የሚጀምረው አመሻሹ ላይ፣ ልክ ፈረሱ በደከመበት ሰዓት ነው። ያን ጊዜ አለንጋው ቢነሣ ምን ይደንቃል?

የቀድሞው የበቅሎ ኪራይ እንዲህ አልነበረም። ዳንግላ ይኼን ታውቀዋለች። መኪና ባልደረሰበት ዘመን ከጎጃም ሲራራ ነጋዴ መተላለፊያዎች አንዷ ነበረች፤ የእንግሊዝ መንግሥትም ቆንስላ ከፍቶባት፣ ሜጀር ቺዝማን የተባለው ቆንስል እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ተቀምጦባታል። ጣናንና ዓባይን ዞሮ የጻፈው መጽሐፍ ታዋቂ ነው። የተጓዘውም በበቅሎ ነው። በዚያ ዘመን የኪራይ በቅሎ ብቻዋን አትሰጥም ነበር፤ ጌታዋ ወይም ሎሌው አብሯት ይሄዳል። የውጭ ተጓዦች ስለ በቅሎ ነጂዎች ያሰፈሩትን ምሬት ብታነቡ ያስቃል፦ «ገና በጊዜ ሰፈሩብን፣ ጭነት ቀንሱ አሉን፣ አንሄድም ብለው ተቀመጡ።» ፈረንጁ ስንፍና ያለው ነገር ለበቅሎዋ ዕረፍቷ ነበር። ኪራዩ የሚታሰበው በጉዞ እንጂ በሰዓት ስላልሆነ፣ በቅሎዋን ገድሎ ቶሎ መድረስ ለማንም ትርፍ አልነበረውም።

ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው ቃል አግኝቶ ዝም ብሎ አያልፍምና አንድ ነገር ልበል። «ጋሪ» የምንለው ቃል በሂንዲም በስዋሂሊም ለተሽከርካሪ ያገለግላል። ባጃጅም የመጣው ከህንድ ነው፤ የአንድ ነጋዴ ቤተሰብ የአባት ስም ነው። ጋሪን በባጃጅ ስንተካ ታዲያ ቃሉም ዕቃውም ከዚያው ባሕር ማዶ መሆኑ ነው።

የባጃጁ የዘር ሐረግ ግን ከህንድም ያልፋል። ፒያጆ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ በሙሶሊኒ ዘመን የጦር አውሮፕላን ይሠራ ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ፋብሪካው በቦምብ ፈራርሶ፣ እ.ኤ.አ. በ1946 ቬስፓ የምትባለውን ስኩተር አወጣ፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ ደግሞ ባለ ሦስት እግሯን አፔን። ቬስፓ ተርብ ማለት ነው፣ አፔ ደግሞ ንብ። የህንዱ ባጃጅ ከዚሁ ኩባንያ ፈቃድ አግኝቶ ስኩተሩንም ባለ ሦስት እግሩንም አገሩ ውስጥ ማምረት ጀመረ። ስለዚህ ያ የአገው ፈረስ የተዋጋው አገር የወለዳት ንብ፣ በህንድ በኩል ዞራ፣ እንጅባራ ላይ የፈረሱን የልጅ ልጅ ከአስፋልት አባረረችው። ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ይቀልዳል።

ባጃጅ መጣ፣ ሒሳቡ ግን አልተለወጠም። ዛሬ ከእንጅባራ መናኸሪያ ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚበርር ወጣት ሲያጋጥማችሁ፣ ባጃጁ የሱ ላይሆን ይችላል። ማታ የሚያስረክበው ገቢ አለበት። ሦስት ሰው መጫን ሲገባው አራተኛውን አጠገቡ የሚያስቀምጠው፣ ሲመሽ የሚጣደፈው፣ ተራ የሚሰርቀው ለዚሁ ነው። ልዩነቱ ባጃጅ ጀርባው አለመላጡ ነው።

አስተዳደሩስ ምን አደረገ? በየከተማው የሠራው አንድ ዓይነት ነው፦ በማኅበር አደራጀ፣ የጎን ቁጥር ለጠፈ፣ ቀጠና ከፈለ፣ ተራ አስከባሪ አቆመ፣ ትራፊክ ፖሊስ መደበ። መጥፎ አይደለም። ያለ ተራ የመናኸሪያ በር ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። ግን ያ ሁሉ ቁጥጥር መንገዱ ላይ የሚታየውን ይጠብቃል እንጂ፣ ማታ ባለ ንብረቱ ደጃፍ የሚቆጠረውን ብር አይነካም። ሲከፋ ደግሞ ክልከላ ይመጣል። አዲስ አበባ ሞተር ብስክሌትን ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ልዩ ፈቃድ ካላቸው በቀር፣ አገደች። በ2015 የካቲት መጨረሻ ደግሞ ባጃጅን ከለከለች፤ ኋላ በከፊል መለሰችው። በየመሀሉ ልጁ ገቢ የሚያስረክብበትን ቀን ማን እንደሚሸፍን የጠየቀ ሰው አልሰማሁም።

ይኼ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። ቁልፉ በስልክ የሚከፈት የኤሌክትሪክ ስኩተር እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ውስጥ፣ ሳንታ ሞኒካ ላይ ሲጀመር ጉድ ተባለ። በዓመቱ ሳን ፍራንሲስኮ ኩባንያዎቹ ያለ ፈቃድ የእግረኛ መንገድ ላይ አፍስሰውት ከተማዋ አስነሣቻቸው። ፓሪስ ደግሞ በተራና በቁጥር ልትገዛው ሞከረች፦ ሦስት ኩባንያ ብቻ መረጠች፣ ለእያንዳንዳቸው 5,000 ስኩተር ፈቀደች፣ ፍጥነት ገደበች፣ ማቆሚያ ሥፍራ ቀባች። አልሆነም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2 ቀን 2023 ሕዝቡን ጠየቀች፤ ከመራጩ ከመቶ 8 የማይሞላ ሰው ወጥቶ፣ ከወጣውም 89 በመቶው «አንፈልግም» አለ፤ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ስኩተሩ ከከተማዋ ወጣ።

የስኩተሩ ኪራይ የሚታሰበው በደቂቃ ነው። ቀይ መብራት ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ለመቆሙ ይከፍላል። ታዲያ ለምን ይቁም? በልጅነቱ ብስክሌት ተከራይቶ የነዳ ሁሉ ይኼን ሳይማር ያውቀዋል። አከራዩ በደብተሩ ሰዓት ይመዘግባል፣ መያዣ ይቀበላል፣ «ከድልድዩ እንዳታልፍ» ብሎ ያስጠነቅቃል። ልጁ ሰዓቱ ሳይሞላ ዓለምን ሊዞር ነው የሚፈልገው። ጉልበት የሚላጠው፣ ፍሬን የሚበጠሰው ያኔ ነው። የብስክሌት አከራዩ ግን ከፓሪሱ ኩባንያ የሚሻልበት አንድ ነገር ነበረው፦ ጥላው ሥር ተቀምጦ ብስክሌቱ ሲመለስ በዓይኑ ያየዋል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ ነገር ብዙ እየተወራ ነው። የኤሌክትሪክ ባጃጅ ዳንግላና እንጅባራ ሲበዛ፣ አንድ ተጨማሪ ሒሳብ ይመጣል፦ ባትሪው ሲያልቅ ለመሙላት የሚቆምባቸው ሰዓታት የማን ናቸው? የነጂው ከሆኑ፣ ባትሪው የፈረሱ ዕጣ ደርሶታል ማለት ነው። ማኅበራቱ ከባለ ንብረቶቹ ጋር ተቀምጠው፣ ገቢው የተቆረጠ ብር መሆኑ ቀርቶ በቀኑ ሥራ ላይ የሚሰላ ድርሻ እንዲሆን ቢስማሙ፣ ሥራ ያልነበረበትን ቀን ሁለቱም ይካፈሉታል።

ለፈረሱ ይኼ ዘግይቷል። መጎተት ሲያቅተው ጋሪው ይፈታለታል፣ ልጓሙ ይወልቃል፣ ዳር ይለቀቃል። ከከተማ ወጣ ሲባል አስፋልቱ ዳር አንገቱን ደፍቶ የቆመውን ሹፌሮቹ ያውቁታል፤ ጥሩምባ ነፍተው ያልፉታል።