የመጽሔት ባለቤትነትና የማንበብ ፈቃድ

(በራዲዮ ከተሰማ የታሪክ ንግግር)



ከእናንተ መካከል በመዝገብ ቤት የሠራ ሰው፥ አንድ ፋይል ጠፍቶ ሲፈለግ የሚደርሰውን ጭንቀት ያውቀዋል። ዛሬ የምንነጋገርበትም ጕዳይ ከዚህ የራቀ አይደለም። በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ከሦስት መቶ ዓመት በላይ በወረቀት ሲጠበቅ የኖረው የጥናት መጽሔት፥ በጥቂት ዐሥርተ ዓመታት ውስጥ አብዛኛው ወደ ኤሌክትሮኒክ ተለውጧል። ይህ ለውጥ ምን አስገኘ? ምንስ አሳጣ? የሚለውን ከታሪኩ እንመልከት። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ኹሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የጥናት መጽሔት የተጀመረው በ1665 ነው። በዚያ ዓመት በጥር ወር ዴኒ ደ ሳሎ የተባለ ፈረንሳዊ በፓሪስ የሊቃውንትን መጽሔት አወጣ። በመጋቢትም በለንደን የንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር ጸሓፊ ሄንሪ ኦልደንበርግ «ፊሎሶፊካል ትራንዛክሽንስ» የተባለውን በገዛ ገንዘቡ ማሳተም ጀመረ፤ ይኸውም መጽሔት እስከ ዛሬ ይታተማል። ከዚያ በፊት ሊቃውንት ያገኙትን ዕውቀት የሚለዋወጡት በደብዳቤና በመጽሐፍ ነበር። መጽሔቱ ግን አንዱ የደረሰበትን ሌላው ፈጥኖ እንዲያውቀው፥ ማን ቀድሞ እንደ ደረሰበትም እንዲመሰከር አደረገ።

ቤተ መጻሕፍትም በያመቱ እያስጠረዙ በመደርደሪያ አኖሩት። አንድ ጊዜ የተገዛ ቅጽ የገዢው ንብረት ነውና፥ አሳታሚው ቢሞት፥ ማተሚያ ቤቱ ቢዘጋ፥ የዓመቱ ክፍያ ቢቋረጥ እንኳ ከመደርደሪያው ላይ የሚያነሣው አልነበረም።

ይሁን እንጂ ወረቀት ቦታ ይፈጃል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ምርምር እየሰፋ ሲኼድ መጽሔቱ በዛ፤ መደርደሪያውም ጠበበ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ዋጋው ከቤተ መጻሕፍቱ በጀት ይልቅ ፈጥኖ እየተወደደ ስለ ኼደ፥ ብዙዎቹ ደንበኝነታቸውን ለመቀነስ ተገደዱ።

በ1993 በአሜሪካ አገር በኦሃዮ የሚገኘው የዴኒሰን ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ለመጽሔቶቹ ቦታ ስላጠረው፥ ሕንፃውን የማስፋት ጕዳይ ለቦርዱ ቀረበ። ከቦርዱ አባሎች አንዱ የሜሎን ፋውንዴሽን ፕሬዚዳንት ዊልያም ቦወን ነበሩ። እርሳቸውም ኹሉም ዩኒቨርሲቲ ለየብቻው ሕንፃ ከሚሠራ፥ የአሮጌዎቹን መጽሔቶች ገጽ ወደ ኮምፒዩተር አሳልፎ በጋራ መጠቀም ይሻላል የሚለውን ሐሳብ አመነጩ። ሥራው በ10 የኢኮኖሚክስና የታሪክ መጽሔቶች ተጀምሮ በ1995 ራሱን የቻለ ድርጅት ኾነ። ስሙም ጄስቶር ሲኾን የመጽሔት ማከማቻ ማለት ነው። ከ1963 ጀምሮ በአዲስ አበባ የሚታተመው «ጆርናል ኦፍ ኢትዮጵያን ስተዲስ» ዛሬ በዚሁ ማከማቻ ይገኛል።

በ1996 ደግሞ አካዴሚክ ፕሬስ የተባለው አሳታሚ መጽሔቶቹን ባንድነት ጠቅልሎ፥ በኮምፒዩተር እንዲነበቡ ለብዙ ቤተ መጻሕፍት ባንድ ውል መሸጥ ጀመረ። ሌሎችም ተከተሉት። ተማሪው ቤተ መጻሕፍቱ በተዘጋበት ሰዓት ከመኝታ ክፍሉ ኾኖ ለማንበብ ቻለ። ይህ ታላቅ በረከት መኾኑን ማንም አይክድም።

ነገር ግን ከበረከቱ ጋራ አንድ ለውጥ ድምፅ ሳያሰማ ገባ። ቀድሞ ቤተ መጻሕፍቱ የሚገዛው ንብረት ነበር፤ አኹን ግን በአብዛኛው የሚገዛው ፈቃድ ነው። ፈቃድም ውሉ ሲያልቅ ያልቃል። በ2019 10 ካምፓሶች ያሉት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኤልሰቪየር ከተባለው አሳታሚ ጋራ በዋጋና ጽሑፎች ለኹሉ ክፍት በሚኾኑበት መንገድ ሳይስማማ ቀረ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር አዲስ የሚወጡት ጽሑፎች ተዘጉበት። ከቀድሞዎቹ ግን አብዛኞቹን ከማንበብ አልተከለከለም፤ መብቱ በውሉ ውስጥ አስቀድሞ ተጽፎ ነበርና። ሁለቱ ወገኖች የተስማሙት በ2021 ነው።

ይህ ሥጋት አስቀድሞ የታያቸው ነበሩ። በ1999 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሎክስ የተባለ ሥራ ተጀመረ። አሠራሩም እያንዳንዱ ቤተ መጻሕፍት የገዛውን የኤሌክትሮኒክ መጽሔት ቅጂ በራሱ ኮምፒዩተር ያኖራል፤ ኮምፒዩተሮቹም ቅጂዎቻቸውን እርስ በርሳቸው እያመሳከሩ የተበላሸውን ያድሳሉ። ይህ ዘዴ ለእኛ እንግዳ አይደለም። መጽሐፈ ሄኖክ ዛሬ በሙሉ የሚገኘው በግእዝ ብቻ ነው፤ ይኸውም የኢትዮጵያ ጸሐፍት በየገዳሙና በየደብሩ እየገለበጡ ስላቈዩት ነው። አንዱ ዘንድ ቢቃጠል ሌላው ዘንድ ይተርፍ ነበር።

ከ2002 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋራ በመስማማት፥ ሂናሪ በተባለው ፕሮግራም የጤና መጽሔቶች አቅም ላነሣቸው አገሮች በነጻ ወይም በዝቅተኛ ዋጋ እንዲደርሱ አድርጓል። አገራችንም ተጠቃሚ ናት። ምስጋና ይገባዋል፤ ኾኖም በሌላው ፈቃድ የሚነበብ ነገር የራስ ንብረት እንዳልኾነ መዘንጋት አይገባም።

ስለዚህ፥ ውድ አንባብያን፥ እንዲህ ያለው ውል በጠረጴዛችሁ ላይ ሲቀርብ ከዋጋው አስቀድማችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። ውሉ ሲያልቅ የከፈልንበት ይቀርልናልን? ቅጂውን በራሳችን ዘንድ ለማኖር እንችላለንን? አሳታሚው ቢዘጋ ጠባቂው ማን ነው? መደርደሪያው ባዶ ቢኾን ግድ የለም፤ የጠባቂው ወንበር ግን ባዶ ሊኾን አይገባም።