የገንዲ ዝንብና የጨረራ ሚዛን

ከወላይታ ሶዶ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኦሞ ሸለቆ የሚወርድ መንገደኛ የኪንዶ ኮይሻ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን ቤሌን ያገኛል። ከኋላው የተወው ደጋ በአገሪቱ ሕዝብ ተጨናንቆ ከሰፈረባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ የብዙው ገበሬ ማሳ ከጓሮ አይበልጥም፣ እንሰቱም ቤቱን ከቦ ይቆማል። ቁልቁል በተወረደ ቁጥር መሬቱ ይሰፋል፣ ሣሩም ይረዝማል። ከብቱ ግን የሣሩን ያህል አይበዛም። ሶዶ ላይ ቁርጥ በዳጣ እየበላ የወላይታን ሰንጋ ያደነቀ ሰው፣ ይህን ሁሉ ግጦሽ ማን ከለከለው ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ ገንዲ ነው።

ገንዲ የያዘው በሬ እየበላ ይከሳል። ጸጉሩ ይቆማል፣ ዓይኑ ያነባል፣ ደሙ ያንሳል፤ በእርሻ ወቅት ቀንበር እንደተሸከመ ይተኛል። ላሟም ትጨነግፋለች። በሽታውን ከከብት ወደ ከብት የምታዛምተው የቆላ ዝንብ ወይም ጸጸ መሆኗን የእንግሊዝ ጦር ሐኪም የነበረው ዴቪድ ብሩስ በ1895 ገደማ ዙሉላንድ ውስጥ ደርሶበታል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መድኃኒት አለው። ሆኖም በጊቤ ሸለቆ የተካሄዱ ጥናቶች የበሽታው መንስኤ የሆነው ጥገኛ ተሕዋስ ገበሬው ለሚገዛቸው ለተለመዱት መድኃኒቶች እጅ መስጠት እንዳቆመ ካሳዩ ቆይተዋል። በኢትዮጵያ ዝንቧ የያዘችው መሬት ከ180 ሺህ እስከ 220 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይገመታል። በ1970 በዓለም ባንክ ድጋፍ የተቋቋመው የወላይታ የግብርና ልማት ድርጅት (ዋዱ) ደገኛውን ወደ አበላ ቆላ አውርዶ ሲያሰፍርም ቆላ ማለት ወባም ገንዲም ያለበት አገር እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር።

ታዲያ ዝንቧን እንዴት ማጥፋት ይቻላል? አንደኛው መንገድ ሰማያዊና ጥቁር ጨርቅ መድኃኒት ነክሮ በየጫካው መስቀል ነው፤ ቀለሙ ይስባታል፣ የከብት ሽንትና አሴቶን ሲጨመርበት ደግሞ ሽታው ይጠራታል። ሌላው በከብቱ ጀርባ ላይ ፀረ ዝንብ ማፍሰስ ነው። ሦስተኛው መንገድ ግን ሲሰሙት ቀልድ ይመስላል፦ ዝንቧን በጋብቻዋ ማጥፋት።

ሐሳቡ የአሜሪካዊው ኤድዋርድ ኒፕሊንግ ነው። ኸርማን ሙለር በ1927 ራጅ የዝንብን ዘር እንደሚያዛባ አሳይቶ ነበር፤ ኒፕሊንግ ደግሞ እንዲህ ብሎ አሰላው፦ ወንዶቹን በገፍ አርብቶ፣ በጨረራ አምክኖ፣ ዱር ውስጥ ቢለቃቸው፣ ከነሱ ጋር የተገናኘች ሴት ሁሉ ፍሬ አልባ ትሆናለች። በ1954 ኩራሳው በምትባል የካሪቢያን ደሴት የከብት ቁስል የምትበላው ዝንብ በዚህ ስልት ጠፋች። ጸጸ ደግሞ ለዚህ የተፈጠረች ትመስላለች። ሴቷ አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜዋ አንዴ ብቻ ነው የምትገናኘው። እንደ ሌላ ዝንብ እንቁላል አትዘራም፤ በየዘጠኝና አሥር ቀኑ አንድ እጭ ብቻ ትወልዳለች። ዛንዚባር ውስጥ ከ1994 ጀምሮ ወደ 8 ሚሊዮን የሚጠጉ መካን ወንዶች ተለቀቁ፤ በ1996 መስከረም የመጨረሻዋ የዱር ዝንብ ተያዘች፣ ከዚያ ወዲህ አልታየችም።

የዛንዚባር ወሬ ገና ትኩስ ሳለ፣ በ1997፣ የኢትዮጵያ መንግሥትና ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኢነርጂ ኤጀንሲ በደቡብ ስምጥ ሸለቆ 25 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር መሬት ከዝንቧ ለማጽዳት ተነሡ። ኢትዮጵያ የኤጀንሲው አባል የሆነችው በተመሠረተበት በ1957 ነበር፤ ከአርባ ዓመት በኋላ አባልነቷ ወደ ከብት በረት ወረደ ማለት ነው። ዝንብ የሚረባበትና የሚመክንበት ማዕከል ቃሊቲ ላይ ተሠርቶ በ2007 መጀመሪያ ተመረቀ። ዝንቦቹ እዚያ የበሬ ደም በሲሊኮን ስስ ሽፋን በኩል እየጠጡ ይረባሉ። መካኖቹ ወንዶች ከተለቀቁባቸው ቦታዎች አንዱ የደሜ ሸለቆ ነው፤ ከአውሮፕላን ተበተኑ።

ይህን ታሪክ የጻፉ ሁሉ ስለ አውሮፕላኑና ስለ ዝንቧ ያወራሉ። ለእኔ ግን የነገሩ ሁሉ ማሰሪያ አንድ ሴንቲ ሜትር በአንድ ሴንቲ ሜትር ሆና የተቆረጠች፣ ጨረራን የምትለካ የፊልም ቁራጭ ናት። ጨረራው ካነሰ ወንዱ በደንብ አይመክንም፤ ያን ጊዜ መንግሥት በራሱ አውሮፕላንና በራሱ ነዳጅ የገበሬውን ከብት የሚነክስ ዝንብ አርብቶ በተነ ማለት ነው። (መካኑም ወንድ ደም ይጠጣል፤ ስለዚህ ከመለቀቁ በፊት የገንዲ መድኃኒት የተቀላቀለበት ደም እንዲጠጣ ይደረጋል።) ጨረራው ከበዛ ደግሞ ወንዱ ይልፈሰፈሳል፣ ከዱሩ ወንድ ጋር ለሴት መሻማት አይችልም። በሁለቱ መካከል ያለውን ልክ ማግኘት ነው ቁም ነገሩ። ሴኔጋል ኒያይ በተባለው አካባቢ ለተመሳሳይ ሥራ 110 ግሬይ (ግሬይ የጨረራ መጠን መለኪያ ነው) ተጠቅማለች። ልኩን ለማነጻጸር፦ የሰው መላ አካል ባንድ ጊዜ 4 ወይም 5 ግሬይ ቢደርሰው፣ ሕክምና ካላገኘ፣ ከሁለት ሰው አንዱ ይሞታል። ዝንቧ 110 ተቀብላ ተነሥታ ትበራለች። የአዋቂ ዝንብ የአካል ሴሎች መባዛት ያቆሙ ስለሆኑ ጨረራው የሚጎዳው በዋናነት ገና በመባዛት ላይ ያሉትን የዘር ሴሎች ነው።

ጨረራውን የሚሰጠው ማሽን ራሱ አይታመንም። ለዚህ ሥራ ከሚውሉት አብዛኞቹ የኮባልት 60 ወይም የሲዝየም 137 ምንጭ ያላቸው ናቸው። ኮባልት በ5.27 ዓመት ጉልበቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ከወር ወር አንድ ከመቶ ያህል ይደክማል ማለት ነው። አምና አሥር ደቂቃ ይበቃ የነበረው ዘንድሮ ከአሥራ አንድ ደቂቃ በላይ ይፈልጋል። በዚያ ላይ የዝንቦቹ ዕቃ መሐልና ጠርዝ እኩል ጨረራ አያገኙም። ስለዚህ ፊልሟ በትንሽ የወረቀት ኪስ ታሽጋ ዕቃው ውስጥ በተለያየ ቦታ ትቀመጣለች፤ የትኛው ጥግ አነስተኛውን መጠን እንደሚያገኝ ተለይቶ የማቆያው ጊዜ በዚያ ጥግ ልክ ይወሰናል።

ፊልሟ ጋፍክሮሚክ ትባላለች። ሥራዋ ለማየት ቀላል ነው። በፕላስቲክ ላይ በስሱ የተቀባው ኬሚካል ጨረራ ሲያገኘው ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ተያይዘው ረጅም ሰንሰለት ይሠራሉ፣ ቀለም የለሽ ይመስል የነበረው ቁራጭም ሰማያዊ ይሆናል። ጨረራው በበዛ ቁጥር ሰማያዊው ይጠቁራል። እንደ ድሮው የራጅ ፊልም ጨለማ ክፍል ገብቶ መታጠብ አያሻም። ነገር ግን ቀለሙ ወዲያው አይረጋም፤ ከማሽኑ ከወጣ በኋላም ቀስ እያለ መጥቆሩን ይቀጥላል። ስለዚህ መመሪያው 24 ሰዓት ቆይቶ ማንበብን ያዛል። ባለሙያው ኪሱን ይከፍታል፣ ፊልሟን ጠርዟን በመቆንጠጫ ይዞ የብርሃን መለኪያ መሣሪያ ውስጥ ያስገባል፣ ምን ያህል ብርሃን እንዳሳለፈች ያያል፣ ቁጥሩንም አስቀድሞ በታወቀ መጠን ከተሠራ ሰንጠረዥ ጋር ያስተያያል። የጣት ቅባት፣ የፀሐይ ብርሃን፣ ሙቀት ሁሉም ያሳስታታል።

በየዕቃው ላይ የሚለጠፍ ሌላም ምልክት አለ። «ጨረራ አላገኘም» የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ ታትሞበታል፤ መጠኑ ሲሞላ አፍራሹ ቃል በጥቁር ይሸፈንና «አግኝቷል» የሚለው ብቻ ይቀራል። ይህ የሚያገለግለው መካኑ ካልመከነው ጋር እንዳይደባለቅ ነው፤ ስንት ግሬይ ብሎ ለሚጠይቅ መልስ የለውም።

በዚያው ቤት ውስጥ ሌላ ልኬት ደግሞ አለ፤ እሱ የሰው ነው። ጨረራ ባለበት ቦታ የሚሠራ ባለሙያ ደረቱ ላይ የሚያንጠለጥላት፣ ቲ.ኤል.ዲ. የምትባል ትንሽ ባጅ አለች። ውስጧ የሊቲየም ፍሎራይድ ክሪስታል ይዛለች፤ ሆን ተብሎ ጥቂት ማግኒዚየምና ታይታኒየም ተጨምሮበታል። ጨረራ ሲመታው ኤሌክትሮኖች ከቦታቸው ተፈናቅለው በእነዚህ ባዕድ አቶሞች አጠገብ ይታሰራሉ፣ በተራ ሙቀት ለወራት ሳይንቀሳቀሱ ይቆያሉ። ክሪስታሉ በማንበቢያ መሣሪያ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ ይፈታሉ፣ ሲፈቱም ጭላንጭል ይወጣል። የጭላንጭሉ መጠን ሰውዬው የተቀበለው ጨረራ ልክ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ሮበርት ቦይል በ1663 አንድ አልማዝ ይዞ አልጋው ውስጥ ገብቶ፣ በገላው ሙቀት ሲያበራ ማየቱን ለእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ ነግሯል። ከዚያ ወደ ሦስት መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የሊቃውንት መደነቂያ ሆኖ ቆየ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ፋሪንግተን ዳንኤልስ የጨረራ መለኪያ እንደሚሆን ተከራከረ፤ በ1960ዎቹ እዚያው ጆን ካሜሮን ሥራውን ወደ ሆስፒታል አደረሰው። ከ1969 ጀምሮ ደግሞ ኤጀንሲው ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር ሆኖ የዚህኑ ክሪስታል ዱቄት በትናንሽ ካፕሱል እያሸገ በፖስታ ለካንሰር ሕክምና ማዕከላት ይልክ ጀመር፤ ሆስፒታሉ 2 ግሬይ ሰጠሁት ብሎ ይመልሰው ነበር፣ ኤጀንሲው ዘንድ እውነት መሆኑ ይጣራ ነበር።

በእኛ አገር የጨረራ መከላከያ ተቋም በአዋጅ የቆመው በ1993 ነው፤ ስሙና መዋቅሩ ከዚያ ወዲህ ተለዋውጧል፣ ባጁን አከፋፍሎ የማንበቡ ሥራ ግን ቀጥሏል። ዓለም አቀፉ ገደብ ለሠራተኛ በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ነው (ሲቨርት ለሰው የሚሰላ የግሬይ አቻ ነው)። ከዝንቧ 110 ግሬይ ጋር ሲተያይ ከአምስት ሺህ እጥፍ በላይ ያንሳል። በአንድ ግቢ ውስጥ ያሉ ሁለት ልኬቶች ይህን ያህል ይራራቃሉ፤ አንዱ መሣሪያ የሌላውን ሥራ በቅጡ አይሠራም። ደግሞም ጠባያቸው ይለያያል። ክሪስታሉ ከተነበበ በኋላ ያየውን ይረሳል፣ ጠርቶ እንደገና ለሥራ ይውላል። ፊልሟ ግን ቀለሟን ይዛ ትቀራለች፤ ከዓመታት በኋላም ያ ቡድን ጨረራ ማግኘቱን ትመሰክራለች።

እንዲህም ሆኖ ገንዲ ከቤሌ ቆላ አልጠፋም። ጥፋቱን ልኬቱ ላይ መጣል ግን አይቻልም። ትልቁ እንቅፋት ከዚያ በፊት፣ ከማርባቱ ላይ ነበር። ከአርባ ምንጭ አካባቢ ተሰብስቦ ቪየና አጠገብ ባለው የኤጀንሲው የዛይበርስዶርፍ ቤተ ሙከራ ሊረባ የተሞከረው የኢትዮጵያ ዝንብ የምራቅ ዕጢ በሚያሳብጥ ቫይረስ ተመትቶ በ2002 አለቀ። ቫይረሱ የሚተላለፈው ዝንቦቹ ተራ በተራ ከአንድ ሽፋን ደም ሲጠጡ ምራቃቸው እየቀረ ነበር። የቤተ ሙከራው ባለሙያዎች ለእያንዳንዱ ዙር ንጹሕ ደም በማቅረብና የፀረ ቫይረስ መድኃኒት በደሙ ላይ በመጨመር ዘዴ አግኝተውለታል፤ ቃሊቲም ላይ ይኸው ቫይረስ ፈተና ሆኗል። በቂ ዝንብ ከሌለ ደግሞ የተስተካከለ ጨረራ ብቻውን ምንም አያደርግም። የኦክስፎርዶቹ ዴቪድ ሮጀርስና ሳራ ራንዶልፍን ጨምሮ አንዳንድ ሊቃውንት አስቀድሞም፣ በአፍሪካ ዋና ምድር መካን ወንድ ውድና አጠራጣሪ መንገድ ነው፣ ጨርቁና ወጥመዱ ይሻላል ብለው ነበር። ደሴትና ዙሪያው ክፍት የሆነ ሸለቆ አንድ አይደሉም፤ ዛንዚባርን በባሕር የከበባት አምላክ ደሜን አልከበበም። በዚህ ነጥብ ተቺዎቹ የሚሉት ሚዛን ይደፋል።

ጉዳዩ ግን የከብት ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ2022፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በደቡብ ኢትዮጵያ አምስት ሰዎች በዚችው ዝንብ በሚተላለፈው የእንቅልፍ በሽታ ተይዘው ተገኙ።

ስለዚህ ሥራው እንደገና መታሰቡ አይቀርም፤ ሲታሰብም ያለፈው እንዴት እንደተሠራ የሚጠይቅ ይመጣል። የቃሊቲን ዝንብ ያረባችሁ፣ ፊልሙን የቆረጣችሁና ያነበባችሁ፣ ደሜ ላይ ወጥመድ የሰቀላችሁ ባለሙያዎች፣ መዝገባችሁንና ማስታወሻችሁን በየመሳቢያው አታስቀሩት። ለወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ወይም ለቤተ መዛግብት ስጡት።