የእማማ ክኒን

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ሰሞኑን የጠፋሁባችሁ ወድጄ አይደለም። ሰፈራችን ውስጥ አንዲት የሦስት ዓመት ልጅ የአያቷን ክኒን ውጣ ስንሯሯጥ ሰነበትን። እማማ የሚጥል በሽታ አለባቸው፤ ፌኖባርቢታል ይወስዳሉ። ክኒኑ ተቆጥሮ የሚሰጣቸው በወረቀት ፖስታ ነው። ትራስ ሥር አስቀምጠውት ልጅቷ ከረሜላ መሰላት። ጎረቤት ወተት ይዞ ደረሰ። እንቅልፍ የሚጥላት ልጅ ወተት ብትጋት ትን ይላታል፣ ሳንባዋ ይገባል፤ "ተዉ!" ብዬ ጮህኩ። በባጃጅ ይዘናት በረርን። ተመስገን፣ ተርፋለች።

መቼም የታሪክ አስተማሪ ነኝና የክኒኑን ታሪክ ማሰላሰል ያዝኩ። ፌኖባርቢታልን የጀርመኑ ባየር "ሉሚናል" ብሎ ገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው። እኛ ጋ ምኒልክ ገና በሕይወት ነበሩ! ዘመዶቹ ባርቢቹሬቶች በአውሮፓና በአሜሪካ የእንቅልፍ ክኒን ሆነው ለአሥርት ዓመታት ብዙ ሰው ገደሉ፤ ሲበዙ ትንፋሽ ያዘገያሉ። ከ1960ዎቹ ጀምሮ እነ ዳያዜፓም ቀስ በቀስ ተኳቸው። የድብርት መድኃኒቱ አሚትሪፕቲሊንም መጣ፤ እሱ ደግሞ ሲበዛ ልብን ያውካል። እ.ኤ.አ. በ1970 አሜሪካ ሕፃን የማይከፍተውን ክዳን በሕግ አስገደደች፤ በመድኃኒት የሚሞቱ ሕፃናት ቀነሱ።

ወደኛ ስንመጣ፣ በጣሊያን ዘመን የተከፈተው አማኑኤል ለብዙ ዓመታት ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። "አማኑኤል ገባ" ማለት ስድብ የሆነው ለዚህ ይመስለኛል። ከዲላ እዚያ ለመድረስ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ1979 ዓ.ም. የአእምሮ ሕክምና ነርሶች መሰልጠን ጀመሩና ወደየክፍለ ሀገሩ ሄዱ። የሚጥል በሽታም በብዙ ቦታ የሚታየው እነሱ ጋ ነው። ፌኖባርቢታል ርካሽ ስለሆነ ዛሬም የብዙዎች መድኃኒት ነው። ቀላል ነገር አይደለም፤ እማማ እሳት ላይ መውደቅ ያቆሙት በእሱ ነው። ግን በጥቁር አንበሳ እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 ተመርዘው የመጡ አዋቂዎች ሲጠኑ፣ ከበረኪናና ከፀረ ተባይ ቀጥሎ ሦስተኛ የተገኘው ይኸው ክኒን ነበር። መድኃኒቱ ደርሶልናል። ክዳኑ ግን ከ50 ዓመት በኋላም እማማ ቤት አልደረሰም።

እማማ "ሁለተኛ አልነካውም" ብለው ነበር። ድንገት ቢያቋርጡት በሽታው ብሶ እንደሚነሳ ነርሷ ቁጭ አድርጋ አስረዳቻቸው። አሁን ፖስታው የቡና ብር ከሚቀመጥበት ሳጥን ውስጥ ነው። ቁልፉን አንገታቸው ላይ አስረውታል።