ዘፋኙ ካረፈ በኋላ የወጣው አልበም

ባለፈው ሰሞን እዚሁ ገጼ ላይ "የባክ-ቲክን አዲስ አልበም ሰማሁት፣ ደስ ብሎኛል" ብዬ አንዲት መስመር ጽፌ ነበር። ብዙዎቻችሁ አለፋችሁት፣ አልፈርድባችሁም። አንድ የድሮ ተማሪዬ ግን ደውሎ "ቲቸር፣ ዘፋኙ ሞቶ የለም እንዴ? ዘፋኙ የሞተበት ባንድ ደግሞ ምን አዲስ አልበም አለው?" አለኝ። ጥያቄው በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ "እጽፈዋለሁ" አልኩት። የታሪክ መምህር ሲጠየቅ ከሥሩ ነው የሚጀምረው፣ እንግዲህ ታገሱኝ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከቶኪዮ ወደ ሰሜን ምዕራብ ጉንማ የሚባል ክፍለ ሀገር አለ፤ እዚያ ውስጥ ፉጂዮካ የምትባል ከተማ። በ1983 የዚች ከተማ ልጆች ባንድ አቋቋሙ። ጠንሳሹ ሂሳሺ ኢማይ ነው፤ ባንድ እንመሥርት ብሎ ሲነሳ ጊታር እንኳ በቅጡ አይችልም ነበር። ጓደኛውን ዩታካ ሂጉቺን ቤዝ አስያዘው። ሂዴሂኮ ሆሺኖ ሁለተኛውን ጊታር ያዘ። ዘፋኙ ሌላ ልጅ ነበር፤ ከድራሙ ኋላ የተቀመጠው ደግሞ አጹሺ ሳኩራይ። መጀመሪያ የሚጫወቱት ዘ ስታሊን የተባለውን የጃፓን ፓንክ ባንድ ዘፈኖች ነበር። በ1984 ስማቸውን ቀይረው ባክ-ቲክ ተባሉ። "ባኩቺኩ" ከሚለው ቃል የመጣ ነው፣ ርችት ማለት ነው።

አሁን የምነግራችሁን ያዙልኝ። በ1985 ያ የመጀመሪያው ዘፋኝ ከባንዱ ወጣ። ሳኩራይ "እኔ ልዝፈን" ብሎ ከድራሙ ኋላ ተነስቶ ወደ ፊት መጣ። ባዶ የቀረውን የድራም ወንበር የቤዝ ተጫዋቹ ታላቅ ወንድም ያጋሚ ቶል ያዘው። ክፍተቱ ከቤት ተሞላ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ እነዚህ አምስት ሰዎች ለ38 ዓመት ያህል አንድም ሰው ሳይለወጥ አብረው ቆዩ። ሮሊንግ ስቶንስ እንኳ ሰው ቀያይሯል። እኛ አገር ባንድ አምስት ዓመት ሳይበተን ከቆየ ጉድ ነው እንላለን፤ 38 ዓመት እኮ አንድ ሰው ተወልዶ፣ ተምሮ፣ አግብቶ ልጅ የሚያስተምርበት ጊዜ ነው።

እነሱ የወጡበት ዘመን ጃፓኖች "ቪዥዋል ኬይ" የሚሉት ነገር የተፀነሰበት ነው። "ኬይ" ማለት ወገን፣ ዘርፍ እንደማለት ነው። ወንዶች ናቸው፤ ፊታቸውን ይቀባሉ፣ ከንፈራቸውን ያቀላሉ፣ ፀጉራቸውን ወደ ላይ እንደ እሳት ያቆማሉ፣ ከዚያ ሮክ ይጫወታሉ። ስሙ የመጣው ኤክስ የተባለው ባንድ (በኋላ ኤክስ ጃፓን) በ1989 ባወጣው "ብሉ ብለድ" አልበም ላይ ካተመው "ቪዥዋል ሾክ" ከሚለው መፈክር ነው ይባላል። ወንድ ተቀብቶ መድረክ ላይ መውጣቱ ለጃፓን እንግዳ ነገር አይደለም። በ1629 መንግሥት ሴቶችን ከካቡኪ ቲያትር ስለከለከለ፣ የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ወንዶች ሆነው ቀርተዋል። የሚገርመው ደግሞ እንግሊዛዊው ዴቪድ ቦዊ በ1973 የካንሳይ ያማሞቶን ልብስ ለብሶ ከካቡኪ ወስዶ ዘፈነ፤ የጃፓን ልጆች ደግሞ መልሰው ከቦዊ ወሰዱት። ዕቃው ዞሮ ዞሮ ቤቱ ገባ። ይኼን ክፍል ውስጥ ስለ ባህል ልውውጥ ሳስተምር ብጠቀምበት ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን መማሪያ መጽሐፉ አይፈቅድም።

በጁን 1987 ቶኪዮ ውስጥ "የባክ-ቲክ ክስተት" የሚል ኮንሰርት አዘጋጁ፤ ከዚያ በፊት ያንኑ ቃል የያዘ ተለጣፊ ወረቀት ከተማውን አለበሱት። በዚያው ዓመት ትልቅ ኩባንያ አስፈረማቸው። በጃንዋሪ 1989 ለንደን ሄደው የቀረጹት "ታቡ" የተሰኘው አልበም የጃፓን ሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ አንደኛ ወጣ። በዚያው ዓመት ኢማይ በዕፅ ምክንያት ታሰረ። በሌላ ባንድ ቢሆን ጊታሪስት ይቀየራል፣ ጉዞው ይቀጥላል። እነሱ ግን ሥራውን አቁመው ጠበቁት። ዲሴምበር 29 ቀን 1989 አምስቱም ቶኪዮ ዶም ላይ ተመለሱ። ዲሴምበር 29 ከዚያ ወዲህ ለደጋፊው እንደ ንግሥ በዓል ሆነች፤ የዓመት መዝጊያ ኮንሰርታቸውን ብዙውን ጊዜ በዚያች ቀን ያደርጋሉ።

በ1990 የሳኩራይ እናት ሞተች። በ1991 የወጣው "እብድ ፀሐይ" የተሰኘው አልበም ላይ ያለችው "ጁፒተር" ስለ እሷ ናት። ከዚያ በኋላ ሰውዬው ስለ ሞት መጻፍ አላቆመም። ድምፁ ደግሞ ለዚያ የተሠራ ነው፦ ወፍራም፣ ዝቅ ያለ፣ ከጉድጓድ የሚመጣ ዓይነት። የቆመ ፀጉራቸው እየወረደ፣ ሙዚቃቸው እየጠለቀ ሄደ። ሰው ሁሉ እነሱን መምሰል ሲጀምር እነሱ ሌላ ቦታ ደርሰው ነበር። በ1994 ዘፈኖቻቸውን ለአፌክስ ትዊንና ለኦቴከር ዓይነት የኤሌክትሮኒክ ሙዚቀኞች ሰጥተው እንደ አዲስ አሠሩ፤ ያን ጊዜ የጃፓን ሮክ ደጋፊ ይኼን ምን ይበለው? የዲር ኤን ግሬይ ዘፋኝ ኪዮ የሮክ ሰው ልሁን ያለው ተማሪ እያለ የሳኩራይን ፎቶ አይቶ ነው። ስለዚህ ቪዥዋል ኬይ ከሚባለው ወገን ናቸው ወይስ አይደሉም ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አያቶቹ ናቸው እላለሁ። አያት ከልጅ ልጆቹ ጋር እኩል አይለብስም።

(እኔ ያወቅኳቸው በአኒሜ ነው። ዲፕሎማዬን ስማር አንድ ጓደኛዬ ፍላሽ ላይ "ትሪኒቲ ብለድ"ን ገልብጦ ሰጠኝ። መክፈቻው ላይ "ድሬስ" የምትለዋ የእነሱ ዘፈን አለች። ፊልሙን ጥዬ መክፈቻውን እየደጋገምኩ ሰማሁ።)

ኦክቶበር 19 ቀን 2023 ዮኮሃማ ላይ ለደጋፊ ክበብ አባላት ብቻ የተዘጋጀ ኮንሰርት ነበራቸው። በሦስተኛው ዘፈን ላይ ሳኩራይ አመመው፣ ከመድረክ ደግፈው አወጡት፣ ሐኪም ቤት ወሰዱት። በዚያው ምሽት በ5 ሰዓት ከ9 ደቂቃ አረፈ። የአንጎል ግንድ ደም መፍሰስ ነው። 57 ዓመቱ ነበር። ከዚያ ስድስት ወር በፊት ባወጡት "ኢዞራ" አልበም ላይ የአንዷ ዘፈን ርዕስ "ስም የለሽ እኔ" የሚል ነው። ከዚህ ምንም ትንቢት እያወጣሁ አይደለም፤ ግን ያን ሳምንት ለመስማት ሞክሬ አልቻልኩም። በአሥረኛው ቀን ደግሞ የኤክስ ጃፓን ቤዝ ተጫዋች ሂዝ በካንሰር ሞተ። ለዚህ ሙዚቃ ወዳጅ ያ ወር ጥቁር ነው።

አራቱ ሰዎች ምን ያድርጉ? የተማሪዬ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው የሚገባው። ብዙ ደጋፊ "ስሙን ዝጉት፣ በክብር ይረፍ" ብሏል፤ የሚናቅ ሐሳብ አይደለም። ሌላው መንገድ ዘፋኝ መቅጠር ነው፤ ኩዊን ከአዳም ላምበርት ጋር እንዳደረገው። ኤክስ ጃፓን ደግሞ ጊታሪስቱ ሂዴ በ1998 ከሞተ ከአሥር ዓመት በኋላ ሲመለሱ ምስሉን በብርሃን ቀርጸው መድረክ ላይ አቆሙት። አለቀስን፣ አጨበጨብን፤ ነገር ግን ያ ባንድ ከ1996 ወዲህ አንድም አዲስ የስቱዲዮ አልበም አላወጣም። ለእኔ ይኼ ትልቅ ትምህርት ነው፤ የሞተውን በምስል ስታቆመው ያለኸውም አብረህ ትቆማለህ። እኛ አገር የምናውቀው ደግሞ ሟቹ ቀርጾ የተወውን ድምፅ አሰባስቦ ማውጣት ነው፤ የኢዮብ መኮንን የመጨረሻ አልበም እንዲያ ነው የደረሰን፣ እሰየው ብለን ነው የተቀበልነው። ግን እሱ የሟቹ አልበም ነው። የቀሩት ሰዎችስ?

ዲሴምበር 29 ቀን 2023፣ ሳኩራይ ከሞተ ሁለት ወር ከአሥር ቀን በኋላ፣ ቡዶካን አዳራሽ ላይ ወጡ። የኮንሰርቱ ስም "የባክ-ቲክ ክስተት"፤ የ1987ቱ ተለጣፊ ወረቀት ስም ማለት ነው። ያን ምሽት የሳኩራይ ድምፅ ከቀድሞ ቀረጻ ተሰማ። ስንብት ነበር፣ ተገቢም ነበር። ከዚያ እንቀጥላለን፣ በሚቀጥለው ዓመት በዚችው ቀን እዚሁ እንገናኝ አሉ። አዲስ ዘፋኝ ግን አልጠሩም። ኢማይና ሆሺኖ፣ ሁለቱ ጊታሪስቶች፣ ራሳቸው ማይክ ያዙ።

1985ን ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ያኔም ዘፋኝ ሲጎድል ከኋላ የነበረው ሰው ወደ ፊት መጣ። ሰው "አዲስ ባንድ ሆኑ" ሲል እሰማለሁ፤ እኔ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን የነበረ ልማዳቸው ነው ባይ ነኝ። ይኼን የማያውቅ ሰው ነው አልበሙን "ድፍረት" የሚለው።

እንግዲህ ወደ አልበሙ። "ሱብሮሳ" ይባላል፤ ላቲን ነው፣ "ከጽጌረዳ ሥር"፣ በምስጢር እንደማለት። ዲሴምበር 4 ቀን 2024 ወጣ፣ 17 ዘፈን አለው። በግልጽ ልናገር፣ 17 በዛ። መሐሉ ላይ ይላላል፤ ሦስት አራቱን ቢያስቀሩት ኖሮ ማንም አይጠይቃቸውም። የኢማይ ድምፅ ቀጭን ነው፣ ግማሹን እንደ ወሬ ይለዋል። የሆሺኖ ለስላሳ ነው፣ አንዳንዴ ሙዚቃው ይውጠዋል። ከሳኩራይ ጋር ካወዳደራችሁት መጀመሪያው ደቂቃ ላይ ታጠፉታላችሁ።

ግን አታወዳድሩት፤ እነሱም አላወዳደሩትምና። አልበሙን ሦስተኛ ጊዜ ስሰማው የገባኝ ይኼ ነው፤ በ17 ዘፈን ውስጥ አንድም ቦታ ሳኩራይን ለመምሰል የሞከረ ሰው የለም። ለወፍራም ድምፅ የሚሆነውን ሰፊ ዜማ ትተውታል። ብዙው በኤሌክትሮኒክ ምት ላይ የቆመ ነው፤ ድምፁ ዜማውን ከሚሸከም ይልቅ ምቱ ላይ ተቀምጦ ይሄዳል። ድምፅ ጨርሶ የሌለበትም አለ። ላላቸው ድምፅ ልብስ ሰፉለት ማለት ነው፤ የሟቹን ካፖርት አላለበሱትም። የመጀመሪያው ዘፈን ርዕስ ውስጥ "ናዩታ" የሚል ቃል አለ፤ ከቡድሂስት መጻሕፍት የመጣ ተቆጥሮ የማያልቅ ቁጥር ነው፣ ያን ያህል ትቢያ ይላል። "በፕሉቶ ሙት" የሚል አለ፣ "የገብርኤል መለከት" የሚልም አለ። ግጥሙን የጻፉት እነሱው ናቸው፤ ሳኩራይ ሞትን ከውስጥ ሆኖ ነበር የሚጽፈው፣ ኢማይ ግን ከላይ፣ ከሰማይ ርቀት ላይ ሆኖ እየቀለደ ነው የሚያየው። ቀልዱ መጀመሪያ አስከፋኝ። አሁን ሳስበው ለ40 ዓመት ጓደኛው ሌላ በምን ቋንቋ ያልቅስ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሥራ ባልደረባችን በሴሚስተሩ መሐል አረፈ። ፊዚክስ ነበር የሚያስተምረው፣ ልጆቹ ይወዱት ነበር። የእሱን ክፍለ ጊዜ ሁለት መምህራን ተካፍለው ጨረሱት። ሁለቱም እንደ እሱ ሰሌዳው ላይ እየሳሉ ለማስቀ አልሞከሩም፤ በራሳቸው መንገድ፣ ትንሽ ደረቅ ብለው አስተማሩ። ልጆቹ ፈተናቸውን ተፈተኑ። "ሱብሮሳ"ን ስሰማ እነዚያ ሁለት መምህራን ናቸው ትዝ የሚሉኝ፤ ዘፋኙ የሞተበት ባንድ ምን አልበም አለው ላልከኝ ልጅ መልሴ ይኸው ነው። አንተም እዚያ ክፍል ነበርክ።

ዲሴምበር 29 ቀን 2024 እንዳሉት ቡዶካን ላይ ተገኙ፤ አራት ሆነው፣ በራሳቸው ድምፅ።

መስማት ለምትፈልጉ ከ"ሱብሮሳ" አትጀምሩ። መጀመሪያ "ጁፒተር"ን፣ ከዚያ "ድሬስ"ን፣ ከዚያ "ኢዞራ"ን ሙሉውን። የሳኩራይ ድምፅ ጆሯችሁ ውስጥ ከገባ በኋላ "ሱብሮሳ"ን ማታ፣ በጆሮ ማዳመጫ። መሐሉን መዝለል ትችላላችሁ፤ የመጀመሪያዋንና የመጨረሻዋን ግን አትዝለሉ።