የቢሮ ስልክ ቁጥሮች ግጭት፦ ከብረት መምረጫ እስከ ኮምፒውተር ማዞሪያ

በአንድ መሥሪያ ቤት ስልክ አልሠራ ሲል አስቀድሞ የሚጠረጠረው ሽቦው ወይም መሣሪያው ነው፤ ይሁን እንጂ ሁለቱም ደህና ሆነው ሳለ ጥሪው ወዳልታሰበ ክፍል የሚሄድበት፣ ወይም ከነጭራሹ የማይሄድበት ምክንያት ብዙ ጊዜ የሚገኘው በቁጥሮቹ አመዳደብ ላይ ነው። የቁጥር ግጭት የሚባለው ይህ ችግር ሁለት ቁጥሮች አንድ ዓይነት ሲሆኑ፣ ወይም ደግሞ አንዱ ቁጥር የሌላው መጀመሪያ ሆኖ ሲገኝ የሚፈጠር ነው። ሁለተኛው ዓይነት ከመጀመሪያው ይልቅ ስውር በመሆኑ መነሻውን ለመረዳት ስልክ ከሰው እጅ ወደ መሣሪያ የተሸጋገረበትን ዘመን መመልከት ያስፈልጋል።

በእጅ በሚሠራው ማዞሪያ ዘመን ይህ ግጭት አልነበረም። የማዞሪያዋ ሠራተኛ ደዋዩ የሚጠራውን ቁጥር እስከ መጨረሻው ሰምታ፣ ካልገባትም ጠይቃ፣ ከዚያ በኋላ ነበር ገመዱን ከተፈላጊው መስመር ቀዳዳ ላይ የምትሰካው፤ ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ 21 እና 210 የሚባሉ ሁለት ስልኮች ቢኖሩ አንዱን ከሌላው ለመለየት አትቸገርም ነበር። አውቶማቲኩ መሣሪያ ግን ቁጥሩን አንድ በአንድ፣ እየተደወለ ሳለ ነበር የሚቀበለው፤ ችግሩም የተወለደው ከዚህ ልዩነት ነው።

አልሞን ስትሮውጀር የተባለው አሜሪካዊ የአውቶማቲክ ማዞሪያ ፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1891 ሲሆን፣ በእሱ ሥርዓት የሚሠራው የመጀመሪያው የሕዝብ ስልክ ማዞሪያ በኢንዲያና ግዛት በላ ፖርት ከተማ እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 1892 ተከፈተ። ሥርዓቱ እየዳበረ ሲሄድ ዋነኛ አካሉ የሆነው መምረጫ፣ ማለትም ጥሪውን ወደ ተገቢው መስመር የሚመራው ብረት፣ ወደ ላይ የሚወጣና በዙሪያውም የሚሽከረከር ዘንግ ነበረው። ደዋዩ 4 ሲደውል አራት የኤሌክትሪክ ምቶች ይላካሉ፤ ዘንጉም አራት ደረጃ ከፍ ይልና በዚያው ደረጃ ላይ እየተሽከረከረ ወደ ቀጣዩ መምረጫ የሚያደርስ ነጻ መስመር ይፈልጋል፤ ሁለተኛውን አሃዝ የሚቀበለው ይኸው ቀጣዩ መምረጫ ነው። የመጨረሻው መምረጫ ግን ሁለት አሃዞችን ይቀበላል፤ በአንደኛው ወደ ላይ ይወጣል፣ በሌላው ይዞራል፤ በዚህም ከመቶ መስመሮች አንዱን ይይዛል። 0 የሚላከው በአሥር ምት ስለሆነ ቦታው ከሁሉም በላይ በአሥረኛው ደረጃ ነው።

በዚህ አሠራር እያንዳንዱ አሃዝ እንደተደወለ ሥራውን ፈጽሞ ያልፋል፤ ዘንጉ አንዴ ከወጣ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚያመዛዝንበት መንገድ የለውም። ከዚህ የተነሣ የማንኛውም ስልክ ቁጥር የሌላ ስልክ ቁጥር መጀመሪያ መሆን የለበትም የሚለው ሕግ ማንም ሳያውጀው ከብረቱ ባሕርይ ራሱ የመነጨ ሆነ፤ 21 የአንድ ክፍል ስልክ ከሆነ ከ210 እስከ 219 ያሉት ሁሉ ለማንም ሊሰጡ አይችሉም። 1 በመጀመሪያ አሃዝነት የማይመረጥበትም ምክንያት ከዚሁ የሚመዘዝ ነው፤ ሽቦዎች በነፋስ ሲነካኩ ወይም የስልኩ መንጠቆ ሳይታሰብ ሲነካ መሣሪያው የሚቆጥረው አንድ ምት ነውና። ለንደን እ.ኤ.አ. በ1937 ለአስቸኳይ ጥሪ 999ን ስትመርጥ 111ን ያልወደደችው የሽቦ መነካካት ብቻውን የሐሰት ጥሪ እንዳያስነሣ ነበር።

የመሥሪያ ቤቶች የግል ማዞሪያ ይህንኑ ሕግ ወርሶ አንድ ተጨማሪ ሸክም ተቀበለ። ሠራተኛው ወደ ከተማ ለመደወል አስቀድሞ እንደየአገሩ ልማድ 9 ወይም 0 ይደውላል፤ ያ ደረጃ በሙሉ ከውጭ መስመሮች ጋር ስለተገናኘ በዚያ አሃዝ የሚጀምር የውስጥ ቁጥር ሊኖር አይችልም። ባለሦስት አሃዝ የውስጥ ቁጥር የሚጠቀም ቢሮ 9ን ለውጭ መስመር፣ 0ን ለማዞሪያ ሠራተኛ ሰጥቶ 1ን ካልተጠቀመበት፣ ከአንድ ሺሁ የሚቀሩት 700 ብቻ ናቸው። ቢሮው እየሰፋ ሲሄድ እነዚህ እያለቁ ይመጣሉ፤ ለአዲሱ ክፍል ብቻ አራተኛ አሃዝ መጨመር ቀላል መፍትሔ ይመስላል፤ የግጭቱ ዋነኛ በር የተከፈተውም በዚህ መፍትሔ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በኮምፒውተር የሚመሩ የቢሮ ማዞሪያዎች ገበያ ሲገቡ የብረቱን ዘንግ በማስታወሻ ውስጥ የተጻፈ ሠንጠረዥ ተካው። ሠንጠረዡ ብረቱ የማይፈቅደውን ይፈቅዳል፤ ለአንዱ ክፍል 200፣ ለሌላው 2001 ሊሰጥ ይችላል። ነገር ግን ደዋዩ 2፣ 0፣ 0 እንዳለ ማዞሪያው ወይ 200ን ወዲያው ጠርቶ የመጨረሻውን 1 ይጥላል፣ ወይም ሌላ አሃዝ እንደሚመጣ ጥቂት ሰከንዶች ይጠብቃል፤ በመጀመሪያው ሁኔታ 2001 ፈጽሞ አይገኝም፣ በሁለተኛው ደግሞ 200ን የሚደውል ሁሉ ያለ ጥፋቱ ይዘገያል። ስለዚህ ብልህ የጥገና ባለሙያ መጀመሪያ የሚጠይቀው ቁጥሩ ትክክል መሆኑን ብቻ ሳይሆን ማዞሪያው በስንተኛው አሃዝ ላይ ማዳመጥ እንዳቆመ ነው። ሰከንዶቹን ማሳጠርም ሆነ ማራዘም ሕመሙን ያስታግሣል እንጂ አያድንም፤ የሚያድነው ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱን መለወጥ ነው። ሁለት መሥሪያ ቤቶች ተዋሕደው በሁለቱም ዘንድ አንድ ዓይነት የውስጥ ቁጥሮች ሲገኙም መፍትሔው ከዚሁ የራቀ አይደለም፤ ወይ ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ መለያ አሃዝ ከፊት ይቀጠላል፣ ወይ አንደኛው ወገን ሙሉ በሙሉ ቁጥሩን ይቀይራል።

የተረሳ ሕግ በቢሮ ሠንጠረዥ ውስጥ ምን ያህል ዘመን እንደሚኖር በግልጽ ያሳየው የሰሜን አሜሪካ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 በወጣው የቁጥር ዕቅድ የየአካባቢው መለያ ሦስት አሃዝ ሆኖ መካከለኛው 0 ወይም 1 ብቻ እንዲሆን ተወሰነ፤ የከተማ ማዞሪያዎች መለያ ግን በዚያ ቦታ እነዚህን ሁለቱን አይጠቀምም ነበር፤ በዚህም መሣሪያው ሁለተኛውን አሃዝ አይቶ ጥሪው የሩቅ ይሁን የቅርብ ይለያል። መለያዎቹ ሲያልቁ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1995 መካከለኛ አሃዛቸው 3 እና 6 የሆነ 334 ለአላባማ፣ 360 ደግሞ ለዋሽንግተን ግዛት ተሰጡ። የስልክ ኩባንያዎቹ ማዞሪያዎች አስቀድመው ተዘጋጅተው ነበር፤ ሠንጠረዣቸው ያልታደሰ በርካታ የቢሮ ማዞሪያዎች ግን የድሮውን ሕግ እንደያዙ ስለነበር አዲሶቹን መለያዎች የሌሉ ቁጥሮች አድርገው ጥሪውን ከሕንፃው ሳይወጣ አስቀሩት። ሠራተኛው በቤቱ ስልክ የሚያገኘውን ሰው በቢሮው ስልክ ማግኘት ያልቻለው፣ ከአርባ ዓመታት በላይ እውነት ሆኖ የኖረ ሕግ በመለወጡና ለውጡም ለሠንጠረዡ ባለመነገሩ ነበር።

ኢትዮጵያም በዚህ ታሪክ ውስጥ ቦታ አላት። የአገሪቱ ዓለም አቀፍ መለያ 251 ሊሆን የቻለው 25 ለብቻው ለማንም አገር ስላልተሰጠ ነው፤ በአንጻሩ 20 ለግብፅ፣ 27 ለደቡብ አፍሪካ በመሰጠታቸው በእነዚህ የሚጀምር ባለሦስት አሃዝ መለያ ያለው አገር የለም። በመስከረም 1998 ዓ.ም. የአገሪቱ የቁጥር ዕቅድ ሲለወጥ የአዲስ አበባ ስልኮች ከስድስት አሃዝ ወደ ሰባት አደጉ፣ የከተማዋም መለያ ከ01 ወደ 011 ተቀየረ። ስድስት አሃዝ ቆጥሮ ጥሪውን እንዲልክ የታዘዘ የቢሮ ማዞሪያ በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰባተኛውን ሳይጠብቅ ይሄዳል፤ የወረቀቱን የስልክ ማውጫ ማደስ ብቻውን ለማዞሪያው ምንም አይፈይድለትም።

ግጭቱ ከመጉላላት አልፎ ሕይወት የሚነካው በአስቸኳይ ጥሪ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በቴክሳስ በአንድ ሆቴል ክፍል ውስጥ እናቷ ጥቃት ሲፈጸምባት ያየች ሕፃን 911ን ደጋግማ ብትደውልም፣ የሆቴሉ ማዞሪያ ለውጭ መስመር ተጨማሪ 9 ይጠብቅ ስለነበር ጥሪዋ አልወጣም፤ እናትየውም ሞተች። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የአሜሪካ ሕግ፣ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 16 ቀን 2020 በኋላ የሚተከል ማንኛውም ብዙ መስመር ያለው የስልክ ሥርዓት ያለ ቅድመ አሃዝ 911ን በቀጥታ እንዲያስተላልፍ አስገደደ። በኢትዮጵያ የፖሊስ 991 እና የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ሁለቱም በ9 ይጀምራሉ፤ የውጭ መስመሩን በ9 የሚከፍት ቢሮ እነዚህን ቁጥሮች በሠንጠረዡ ውስጥ ራሳቸውን የቻሉ ሙሉ ቁጥሮች አድርጎ ካላስመዘገበ፣ ማዞሪያው የመጀመሪያውን 9 ለራሱ ወስዶ ወደ ከተማ የሚልከው 91 ወይም 07 የሚል ጎዶሎ ቁጥር ይሆናል።