ከጉም ውስጥ ስለ መነሣት፦ በመሣሪያ የመብረር ትምህርት የተዘነጋ አንድ ክፍል

በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ ከኬፕ ኮድ በስተደቡብ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የተቀመጠችው የናንተኬት ደሴት፣ በቀድሞ ዘመን በዓሣ ነባሪ አዳኞቿ፣ ዛሬ ደግሞ ለዕረፍት በሚጎርፉባት እንግዶች ብትታወቅም፣ በአብራሪዎች ዘንድ ስሟ የሚነሣው ከጉም ጋር ነው። የጉሙ ምክንያት ከተፈጥሮ ሊቃውንት የተሰወረ አይደለም፤ በጸደይ መጨረሻና በክረምቱ መባቻ ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው ሞቃትና ርጥብ አየር፣ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ከጥልቁ እያማሰለ በሚያወጣው ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ሲያልፍ ይበርድና፣ የተሸከመው ተን ወደ ጥቃቅን ጠብታ ይለወጣል። የሸለቆ ጉም ፀሐይ ሲሞቅ ይበተናል፤ ይህኛው ግን ነፋሱ ራሱ ተሸክሞ የሚያመጣው ስለ ሆነ ቀኑን ሙሉ ሊሰነብት ይችላል። የአውሮፕላን ማረፊያውም ከባሕር ወለል በላይ 50 ጫማ እንኳ የማይሞላና ለደቡቡ ዳርቻ የቀረበ በመሆኑ፣ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚነሣ አብራሪ ጎማው ምድርን ከለቀቀ ብዙም ሳይቆይ ከበታቹ ያለው ውቅያኖስ ብቻ ነው።

በመሣሪያ ብቻ የመብረር ትምህርት መላ ትጋቱን በመውረድና በማረፍ ላይ አድርጎ፣ ከጉም ውስጥ መነሣትን እንደ ቀላል ነገር ማለፉ ከባድ ጉድለት ነው እላለሁ። የአሜሪካ የበረራ ሕግ በመሣሪያ የመብረር ፈቃድ የሚሻ ሰው በእውነተኛ ደመና ውስጥ ወይም ዓይኑ ተጋርዶ 40 ሰዓት እንዲለማመድ ያዝዛል፤ ፈቃዱን ካገኘም በኋላ ባለፉት 6 ወራት ውስጥ 6 ጊዜ በመሣሪያ እየተመራ ወደ ማረፊያ መውረድን፣ በአየር ላይ በተወሰነ ስፍራ እየዞሩ ተራ መጠበቅን፣ የተሰጠን የበረራ መስመር አግኝቶ መከተልን ካላሟላ አዛዥ ሆኖ ወደ ደመና እንዳይገባ ይከለክለዋል። በዚህ ዝርዝር ውስጥ ግን ከጉም ስለ መነሣት አንዲት ቃል አትገኝም። በልምምድም ጊዜ ተማሪው ውጭውን እንዳያይ የሚጋርደው መከለያ አብዛኛውን ጊዜ የሚደረግለት አውሮፕላኑ ብዙ መቶ ጫማ ከወጣ በኋላ ስለ ሆነ፣ ዓይን ከመንደርደሪያው መስመር ተላቆ ወደ መሣሪያዎቹ የሚሻገርባት ቅጽበት ሳትለመድ ትቀራለች።

ያችም ቅጽበት ሕዋሳተ ሥጋ ሁሉ የሚከዱባት ናት። አውቶቡስ ድንገት ፍጥነት ሲጨምር ተሳፋሪው ጀርባው ወደ መቀመጫው እንደሚለጠፍ፣ በመንደርደርና በመነሣት ላይ ያለ አውሮፕላንም የአብራሪውን ሰውነት ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ውስጠ ጆሮው ውስጥ ያለው የሚዛን ሕዋስ ግን ይህን ግፊት ከወደ ኋላ መጋደል ለይቶ ማወቅ ስለማይችል፣ አድማስን በዓይነ ሥጋ የማያይ ሰው የአውሮፕላኑ አፍንጫ ከልክ በላይ ቀና ያለ ይመስለዋል። በዚህም የተነሣ መሪውን ወደ ፊት ይገፋል፤ ያን ጊዜ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ፍጥነቱ በሚጨምርበትም መጠን የሐሰቱ ስሜት ይበረታል። በነሐሴ 23 ቀን 2000 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ከካይሮ የመጣው የገልፍ ኤር ኤርባስ በደሴቲቱ አገር በባሕሬን ማረፉን ትቶ እንደገና ሽቅብ በሚወጣበት ጊዜ ባሕር ውስጥ ገብቶ በውስጡ የነበሩት 143 ሰዎች ሁሉ ሲያልቁ፣ መርማሪዎቹ ከዘረዘሯቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው የሐሰት ስሜት ነበረ። ጉም አልነበረም፤ የባሕሩ ጨለማ ብቻ በቂ ሆነ። ባለሙያ አብራሪን ይህን ያህል ካሳተ፣ ለጀማሪው ምን ያህል ሊከፋ እንደሚችል በ1954 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተደረገው ጥናት ያሳያል፤ በመሣሪያ የመብረር ትምህርት የሌላቸው 20 ተማሪዎች በአምሳያ ደመና ውስጥ ሲገቡ፣ አውሮፕላኑ ከቁጥጥራቸው እስኪወጣ ድረስ የቆዩት በአማካይ 178 ሴኮንድ ብቻ ነው።

የሚያስገርመው፣ ይህ ትምህርት ሲወለድ መነሣት ከክፍሎቹ የመጀመሪያው ነበረ። በመስከረም 24 ቀን 1929 አብራሪው ጂሚ ዱሊትል በሎንግ አይላንድ በሚቸል ሜዳ መቀመጫው ፈጽሞ ተሸፍኖ በኤልመር ስፔሪ ሰው ሠራሽ አድማስና በፖል ኮልስማን የረቀቀ የከፍታ መለኪያ እየታገዘ ሲበር፣ ማረፉን ብቻ ሳይሆን መነሣቱንም የፈጸመው ውጭውን ሳያይ ነበረ።

እንግዲህ ትክክለኛው ልምምድ የሚጀምረው አውሮፕላኑ በመንደርደሪያው መካከል ቆሞ ሳለ ነው። መምህሩ ውጭውን እያየ ተማሪው ተጋርዶ በአቅጣጫ መለኪያው ብቻ ይንደረደር፤ ከተነሣም በኋላ የሰው ሠራሹን አድማስ ምልክት ለዚያ አውሮፕላን በተወሰነው ልክ አጽንቶ ይያዝ፤ ፍጥነቱና ከፍታው በኅብረት መጨመራቸውንም ይመርምር፤ ከመሣሪያዎቹ አንዱ ቢዋሽ የቀሩት ያጋልጡታልና። 400 ጫማ ሳይሞላ አለመታጠፍ፣ በእያንዳንዱ የባሕር ማይልም ከ200 ጫማ ያላነሰ መውጣት የታወቀ ሥርዓት ነው፤ በ90 ኖት የሚሄድ ሰው ይህን ለመጠበቅ በደቂቃ 300 ጫማ መውጣት አለበት። ሬዲዮ መለወጥ፣ ካርታ መግለጥ፣ አንገት መጠምዘዝ ሁሉ እስከዚያ ይቆይ።

ስለ ጥድፊያም አንድ ነገር ልጨምር። የመቆጣጠሪያው ማማ በተዘጋበት ሰዓት የመነሻ ፈቃድ የሚሰጠው ከተወሰነ ደቂቃ በኋላ የሚሻር ሆኖ ነው፤ አብራሪውም ሰዓቱ እንዳያልፍበት ሲል መሣሪያዎቹን ሳይመረምር ወደ ጉሙ ይገባል። ፈቃዱ ቢሻር ሌላ ይጠየቃል፤ ይህንም ተማሪው ከመምህሩ አፍ ደጋግሞ ሊሰማው ይገባል።

የአሜሪካ ሕግ ተሳፋሪ በክፍያ የሚያጓጉዙትን በርቀት ማየት ልክ ሲያስራቸው፣ ለራሱ ጉዳይ የሚበረውን ሰው ግን ዜሮ በሆነ ዕይታ እንኳ እንዲነሣ ይተወዋል። ይህ ነጻነት እንደ ምክር ሊቆጠር አይገባውም፤ ከናንተኬት ሲነሣ ሞተሩ በ300 ጫማ ላይ ቢታወክ ሊመለስበት የማይችለውን ማረፊያ ለቆ፣ ማዶ በኬፕ ኮድ በሃያኒስ ያለው ማረፊያም በዚያው ጉም መሸፈን አለመሸፈኑን ሳያረጋግጥ በባሕር ላይ የሚወጣ ሰው፣ ሕግን ባይጥስም ከጥበብ ጎድሏል። ስለዚህ ሕግ አውጪዎች በየ6 ወሩ ከሚጠይቋቸው ልምምዶች መካከል ከመንደርደሪያው ጀምሮ የተጋረደ አንድ መነሣት እንዲጨምሩ፣ ሕጉ እስኪሻሻልም መምህራን ማንም ሳያዛቸው ይህን ለተማሪዎቻቸው እንዲያስተምሩ አጥብቄ እለምናለሁ።