ከፑንት እስከ ሬኒየር ቫሊ፦ ኩላችን ምን ይዞ መጣ?

አበው «እኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች» ሲሉ ስለ ኩል ማስተማራቸው አልነበረም። አሻሽላለሁ ብሎ ያለውንም ያጣን ሰው ለመገሠጽ የሚነገር ተረት ነው። እኔ ግን ዛሬ ተረቱን በቀጥታ፣ እንደ ቃሉ ልወስደው ፈልጌያለሁ። ምክንያቱም በታሪኩ የምንኮራበት ኩል ከእኛ ጋር ባሕር ሲሻገር አንድ ጥያቄ ይዞ ተሻግሯል፤ ለመሆኑ ውስጡ ያለው ምንድን ነው?

ከሲያትል መሀል ከተማ ወደ ደቡብ በሬኒየር ጎዳና ወይም በማርቲን ሉተር ኪንግ ጎዳና የሚወርድ ሐበሻ አገሩ የገባ ያህል ይሰማዋል። ምግብ ቤቱ፣ የእንጀራና የቅመማ ቅመም ሱቁ፣ የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ማዕከል፣ ሁሉም በሬኒየር ቫሊ ይገኛሉ። ከአገር ቤት የሚመጣ ዘመድ ደግሞ በሻንጣው በርበሬ፣ ሽሮና ቡና፣ አንዳንድ ጊዜም በትንሽ ብልቃጥ ወይም በወረቀት የተቋጠረ ኩል ይዞ ይመጣል። በርበሬውን ማን እንዳስፈጨው እናውቃለን። ኩሉ ግን ከየትኛው ድንጋይ እንደ ተፈጨ፣ ምን እንደ ተቀላቀለበት የሚናገር ጽሑፍ የለበትም። በእጅ የሚሰጥ፣ በፍቅር የሚቀበሉት ስጦታ ስለሆነ የሚጠይቅም የለም።

ኩል ሩቅ መንገድ የመጣ ነገር ነው። ግዕዙ «ኵሕል» ሲለው ዓረብኛው «ኩሕል» ይለዋል፤ አውሮፓውያንም «አልኮል» የሚለውን ቃል ያገኙት ከዚሁ ከ«አል ኩሕል» ነው። ቃሉ መጀመሪያ እንደ ኩል የላመ ዱቄትን፣ ኋላም ተጣርቶ የሚወጣን ነገር፣ በመጨረሻም መጠጡን ለመጥራት ዋለ። በመጽሐፍ ቅዱስም ኩል ሁለት መልክ አለው። በ2ኛ ነገሥት 9፥30 ኤልዛቤል ተኳኩላ በመስኮት ስትመለከት እናገኛታለን፤ በራእይ 3፥18 ደግሞ ያው ኩል ለዕውር ማየትን የሚሰጥ መድኃኒት ሆኖ ይቀርባል። በአንደኛው ጌጥ፣ በሌላው ፈውስ። አያቶቻችንም ኩልን ያዩት በእነዚህ በሁለቱ ዓይን ነበር።

ወደ ኋላ እንሂድ ካልን ከዚህም በላይ መሄድ ይቻላል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው መቶ ዓመት ግብጽን የገዛችው ሐትሼፕሱት ወደ ፑንት የላከችው ጉዞ በዴር ኤል ባህሪ ቤተ መቅደሷ ግድግዳ ላይ ተቀርጿል። መርከቦቹ ይዘው ከተመለሱት ነገር መካከል እጣን፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝንጀሮዎችና የዓይን ኩል ተዘርዝረዋል። የፑንት ቦታ እስከ ዛሬ ቢያከራክርም፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ በግብጽ በተገኙ የዝንጀሮ አስከሬኖች ላይ የተደረገ ጥናት ወደ አፍሪካ ቀንድና አካባቢው ያመለክታል። እንግዲህ ከእኛ ምድር ወይም ከጎረቤታችን የተጫነ ኩል ከዛሬ 3,500 ዓመት ገደማ በፊት የፈርዖኖችን ዓይን አስውቧል ማለት ነው። ይህ ለታሪክ ወዳድ ሰው ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ነገር ግን ታሪኩ እዚህ ላይ አያበቃም።

የግብጻውያን ጥቁር ኩል በአብዛኛው ጋሌና ከሚባል ማዕድን የተሠራ ነበር። ከቀይ ባሕር ዳር ከጀበል ዘይት ይቆፍሩት የነበረው ይህ ማዕድን የእርሳስና የድኝ ውሕድ ነው። እዚህ ላይ የቋንቋችን አንድ ግርምት አለ። ልጆቻችን በትምህርት ቤት የሚጽፉበትን «እርሳስ» እንለዋለን፤ እርሱ ግን ግራፋይት እንጂ እርሳስ የሚባለው ብረት የለበትም። እርሳስ የሆነውን ድንጋይ ደግሞ ስሙን ለውጠን «ኩል» ብለን ከዓይናችን ጠርዝ እናኖረዋለን።

ኩል ሁሉ እርሳስ ነው ማለቴ አይደለም። ከጥላሸት የሚሠራም አለ። ችግሩ ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም የላሙ መሆናቸው ነው። ዓይቶ፣ አሽትቶ ወይም በጣት አሽቶ መለየት አይቻልም።

«ይህን ያህል ሺህ ዓመት የተኳለ ሕዝብ ምን ሆነ?» የሚል ሙግት እንደሚነሣ አውቃለሁ። ሙግቱ ባዶ አይደለም፤ የሳይንስ ድጋፍም ሳይጠቀስለት አይቀርም። ፊሊፕ ዋልተርና ባልደረቦቹ በሉቭር ሙዚየም የሚገኙ የግብጻውያን መኳኳያዎችን መርምረው፣ ግብጻውያን በተፈጥሮ እምብዛም የማይገኙ የእርሳስ ጨዎችን አስበው ያዘጋጁ እንደ ነበር እ.ኤ.አ. በ1999 አሳወቁ። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ከእነዚህ ጨዎች እጅግ ጥቂቱ የቆዳ ሕዋሳትን ነክቶ ሰውነት በሽታን የሚከላከልበትን ሂደት ሊያነቃቃ እንደሚችል የሚያሳይ ሌላ ጥናት ወጣ። ወሬውም «የጥንቶቹ አዋቂዎች ነበሩ» ተብሎ ተናኘ። አዋቂስ ነበሩ። ይሁን እንጂ ጥናቱ በቤተ ሙከራ ሕዋሳት ላይ በኢምንት መጠን የተደረገ ነው፤ ጣቱን ዓይኑ ውስጥ ከትቶ መልሶ የሚጠባ ሕፃንን አይመለከትም። ሊቃውንተ ግብጽ የዓይን ማከክን ማየት ይችሉ ነበር። አንድ ልጅ ሊደርስበት ይችል ከነበረው የአእምሮ ደረጃ ምን ያህል እንደ ቀነሰ የሚያዩበት መሣሪያ ግን አልነበራቸውም።

የእርሳስ ክፋቱ ይኸው ነው፤ ሳይጮኽ ይገባል። ከዓይን ይልቅ ዋናው መግቢያው አፍ ነው፤ ከዓይን ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ። ሕፃናት ከአዋቂዎች ይልቅ ብዙውን ወደ ደማቸው ይመጥጣሉ። ሰውነት እርሳሱን ካልሲየም መስሎት በአጥንት ያከማቸዋል፤ እናት ስታረግዝ ከአጥንቷ ወጥቶ ወደ ጽንሱ ይሻገራል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ልጆችን ለመከታተል የሚጠቀምበትን መለኪያ በዴሲሊትር ደም ከ10 ማይክሮግራም እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ 5፣ በ2021 ደግሞ ወደ 3.5 ዝቅ አድርጎታል። ይህም ሆኖ ለሕፃን ደኅና ነው የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም።

ነገሩ በወሬ ብቻ ያለ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 በቦስተን የናይጄሪያ ትውልድ ያለው የስድስት ወር ሕፃን ደም ሲመረመር 13 ማይክሮግራም ተገኘበት። ምንጩ ሲፈለግ ከናይጄሪያ የመጣ፣ «ቲሮ» የሚባል ኩል ሆኖ ተገኘ። ኩሉ ሲለካ 82.6 በመቶው እርሳስ ነበር። ወላጆቹ ሕፃኑን የኳሉት ውበቱም ዕይታውም እንዲያምር ብለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 በአልበከርኪ በአፍጋን ቤተሰብ ልጆች ላይ ተመሳሳይ ነገር ታየ። በእኛም ዘንድ ሕፃን የሚኩል ቤተሰብ አለ። በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ ክፉ ወላጅ የለም፤ ያለው ፍቅርና ያልተጻፈበት ብልቃጥ ነው።

«ታዲያ የፈረንጁ ይሻላል?» ለሚለኝ ደግሞ የፈረንጁንም ታሪክ ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ «ላሽ ሉር» የሚባል የሽፋሽፍት ቀለም በገበያ ላይ ነበር። የእኛ ተረት በአሜሪካ ምድር በቁሙ ተፈጸመ፤ እንዋብ ያሉ ሴቶች ዓይናቸው ጠፋ፣ አንዷም ሞተች። በዚያን ጊዜ መንግሥት ምርቱን ከገበያ የሚያነሣበት ሥልጣን አልነበረውም። የመዋቢያ ምርቶችን በፌዴራል ቁጥጥር ሥር ያስገባው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን ገበያው አልጠራም። ሚኒሶታ ሆን ተብሎ ሜርኩሪ የሚጨመርበትን ማስካራ የከለከለችው ገና በ2008 ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካና በካናዳ በተገዙ 231 የመዋቢያ ምርቶች ላይ የተደረገ ጥናትም፣ ውኃ አይነካውም የሚባለው ማስካራ በአብዛኛው «ፒፋስ» የተባሉት በቀላሉ የማይበሰብሱ ኬሚካሎች ምልክት እንደሚታይበት አሳይቷል። የዋሽንግተን ስቴት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣችው ሕግ እርሳስን፣ ሜርኩሪን፣ ፎርማልዲሃይድንና ፒፋስን በመዋቢያ ምርቶች ላይ ለመገደብ ወስና፣ ሕጉ ከጥር 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ጉዳይ የሚመጣው። ሕጉ የሚጠብቀው ሱቁን ነው፤ ሻንጣውን አይጠብቅም። እርሳስ ያለበት ኩል በአሜሪካ እንዳይሸጥ የተከለከለ ቢሆንም፣ አክስት ለእህቷ ልጅ የምታመጣውን ብልቃጥ የሚፈትሽ ተቆጣጣሪ የለም። ስለዚህ ታሪካችንን ከእኛ በቀር የሚጠይቅልን አይኖርም።

መጠየቅ ደግሞ ውጤት አለው። በዚሁ በኪንግ ካውንቲ የአፍጋን ስደተኛ ልጆች ደም ውስጥ እርሳስ በዝቶ ሲገኝ፣ የጤና ሠራተኞች ከማኅበረሰቡ ጋር ሆነው ምንጩን ፈለጉ። ቤተሰቦች ከአገራቸው ያመጡትን የአሉሚኒየም ድስት ለምርመራ ሰጡ። ድስቱ ምግብ ውስጥ እርሳስ እንደሚለቅ የሚያሳየው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 ታተመ፤ በ2024 ደግሞ የዋሽንግተን ስቴት በማብሰያ ዕቃ ውስጥ የሚገኝን እርሳስ የሚገድብ ሕግ አወጣች። ከአንድ ስደተኛ ማጀት የወጣ ድስት የመላውን ስቴት ሕግ ለወጠ። እኛስ ብልቃጣችንን ለምን እንደብቃለን?

የሚደረገው ነገር ከባድ አይደለም። ሕፃን አይኳል፤ ይህ ያለ ማመንታት መባል አለበት። ያረገዘችና የምታጠባ እናትም ምንነቱ ካልታወቀ ኩል ትራቅ። መኳል የምትወድ እህት የሠሪው ስምና አድራሻ እንዲሁም የንጥረ ነገሮቹ ዝርዝር የተጻፈበትን ምርት ትምረጥ፤ ጥቁረቱን ከአይረን ኦክሳይድ ወይም በአሜሪካ ለዓይን ከተፈቀደ ካርቦን ያገኘ ምርት በቀላሉ ይገኛል። «የተፈጥሮ ነው» የሚለው ቃል ዋስትና አይሁናት፤ ጋሌናም የተፈጥሮ ነው። መኳያና ማስካራ በጋራ አይያዝ፤ የዓይን በሽታ በእርሱም ሊዛመት ይችላልና። እስከ ዛሬ የኳልነው ልጅ ካለ ደግሞ ሳናፍር ለሐኪሙ ነግረን ደሙን እናስመርምር። ሜዲኬይድ ያላቸው ሕፃናት በ12 እና በ24 ወራቸው እንዲመረመሩ የፌዴራል ደንብ ያዛል፤ መብታችንን እንጠይቅ።

እናቶቻችንን ለመውቀስ አልተነሣሁም። እነርሱ የተቀበሉትን አስተላለፉ፤ የሚያነቡት ጽሑፍም አልነበራቸውም። ወቀሳው የሚገባ ከሆነ የሚገባው ለእኛ ነው። ስለ ፑንትና ስለ አክሱም ሌሊቱን ሙሉ ስንከራከር የምናድር ምሁራን፣ በገዛ ቤታችን መስታወት ሥር የተቀመጠው ብልቃጥ ምን እንዳለበት ጠይቀን አናውቅም። የብሩ ብልቃጥና መኳያው የሴት አያቶቻችን ቅርስ ናቸው፤ ተጠርገው በክብር ይቀመጡ፣ ታሪካቸውም ለልጆች ይነገር። ዱቄቱ ግን ቅርስ አይደለም።

ቸር ያሰማን።